የኤሊ ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ፦ ሕጉና የእንስሳዋ ተፈጥሮ ምን ይላሉ?

ዱርቤቴ፦ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማትበልጥ፣ የማትጮህ፣ ጓሮ ውስጥ ሣር እየለቀመች የምትውል እንስሳ ለልጅ ስጦታ ብትቀርብ እምቢ የሚል ወላጅ ጥቂት ነው። የኤሊ ጫጩት ገዢ የማታጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ውሻ ሥጋ አትፈልግም፤ እንደ ድመት ከቤት ቤት አትዞርም፤ እንደ ዶሮም የጎረቤት ማሳ አትጭርም። በሥዕል መጽሐፍ ላይ ያያትን እንስሳ በእጁ የያዘ ልጅ ደግሞ በቀላሉ አይለቃትም።

ይህች ዝምተኛ እንስሳ ግን ለማሳደግ ቀላል ከሚባሉት ወገን አይደለችም። የዱር እንስሳ በመሆኗ ያለ ፈቃድ መግዛትም ሆነ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል። የቆላ ፍጥረት በመሆኗ የጎጃም ወይና ደጋ ክረምት ይከብዳታል። ዕድሜዋ ረጅም በመሆኑም የገዛት ሰው አርጅቶ እርሷ ገና ጎልማሳ ልትሆን ትችላለች።

በኢትዮጵያ በየብስ ከሚኖሩት ኤሊዎች በብዛት የምትታወቀው ቅርፊቷ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው። የሳይንስ ስሟም የተወሰደው ከዚሁ ነብር መሰል መልኳ ነው። ይህች ነብርማ ኤሊ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከደቡብ ሱዳን ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው ሣራማና ቁጥቋጦ በበዛበት ምድር ትኖራለች። ከእንቁላል ስትወጣ ርዝመቷ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። ስታድግ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በምሥራቅ አፍሪካ በተለይም በኢትዮጵያና በሶማሊያ ከዚህ እጅግ የሚበልጡ ግዙፎችም ይገኛሉ። ሁለተኛዋ በሳይንሱ ዓለም ሱልካታ የምትባለው፣ መልኳ እንደ ደረቅ አፈር የሆነ፣ የኋላ ጭኖቿ ላይ እሾህ መሰል ጉጥ ያላት ኤሊ ናት። ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው ደረቅና ሞቃት ቀጠና የምትኖር ሲሆን በዓለም በየብስ ከሚኖሩ ኤሊዎች በግዝፈት ሦስተኛ፣ ደሴት ላይ የሚኖሩት ግዙፎች ሳይቆጠሩ ደግሞ የመጀመሪያዋ ናት።

ከእነዚህ ሌላ በኩሬና በረግረግ የሚኖሩ የውሃ ኤሊዎች አሉ። ቅርፊታቸው ጠፍጣፋ፣ የእግራቸው ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ሲይዟቸው መጥፎ ሽታ ይለቃሉ። የሚመገቡት ትልን፣ እንቁራሪትንና ዓሣን ጭምር ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው የውሃዋን ኤሊ ደረቅ ጓሮ ላይ፣ የየብሷን ደግሞ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ያኖራል። የመጀመሪያዋ በረሃብ ትጎዳለች፤ የየብሷ ኤሊ ዋና ስለማትችል በአንድ ሌሊት ሰጥማ ታድራለች። የየብስ ኤሊ እግር እንደ ዝሆን እግር ወፍራምና ድቡልቡል ስለሆነ እግሩን አይቶ መለየት ይቻላል።

ስለ ሕጉ በቅድሚያ መናገር የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ኤሊን ከበግና ከዶሮ ለይቶ ስለማያይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን መያዝንም ሆነ በእርሱ መነገድን በፈቃድ ብቻ የሚፈጸም ተግባር አድርጎታል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ወይም የዱር እንስሳ ውጤት ይዞ የተገኘ ወይም ሲነግድ የተደረሰበት ሰው ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ አዋጁ ደንግጓል። አንበሳና ዝሆን በሚነሡበት ጊዜ ይህን ሕግ የሚያስታውስ ሰው ኤሊ ስትሆን ይዘነጋዋል። አዋጁ ግን እንስሳቱን በመጠናቸው ወይም በኃይላቸው አይለይም። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከመግዛት በፊት ነው። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ነዋሪዎች በየወረዳቸው የዱር እንስሳትን ጉዳይ የያዘውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

ከሀገር ማስወጣት ደግሞ ሌላ ሕግ ያስነሣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው፣ በተለምዶ ሳይተስ እየተባለ የሚጠራው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የየብስ ኤሊዎችን በሙሉ በቁጥጥር ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል። ውጭ ሀገር ለሚኖር ዘመድ በሻንጣ ተደብቃ የተላከች ኤሊ በአየር ማረፊያ ስትገኝ ላኪውንም ተቀባዩንም ታስጠይቃለች። በዱር የተያዘች ሱልካታን ለንግድ ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ ስምምነቱ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈቀደው ኮታ ዜሮ ነው።

ሕጉ ስለ አንዲት ጫጩት ይህን ያህል መጠንቀቁን ከልክ ያለፈ አድርጎ የሚያይ ሰው የኤሊን አወላለድ ቢያውቅ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። ነብርማ ኤሊ በዱር ለአካለ መጠን የምትደርሰው ከ12 እስከ 15 ዓመት ቆይታ ነው። እንቁላል ለመጣል ስትነሣ ደረቁን መሬት በሽንቷ አርሳ ታለሰልሰዋለች፤ ከዚያም በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትምሳለች፤ ከአምስት እስከ ሠላሳ የሚደርስ እንቁላል ጥላ አፈር ትመልስበትና ጥላው ትሄዳለች። እንቁላሉን የሚታቀፈው መሬቱ ነው። ለመፈልፈል ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ወንድና ሴት የሚለየውም በአፈሩ ሙቀት ነው፤ ቀዝቀዝ ያለው ጉድጓድ ወንዶችን፣ የሞቀው ሴቶችን ያወጣል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ጠባቂ እናት የላቸውም። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ሽለምጥማጥና ጉንዳን ይጠብቋቸዋል። ቅርፊታቸው እስኪጠነክር ድረስ ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ያልቃሉ። በዚህ ሁሉ አልፋ ለመውለድ የደረሰች ኤሊ ከዱር ስትወሰድ የምትቀረው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ በቀሩት ዓመታቷ ልትጥለው የምትችለው እንቁላል ሁሉ አብሮ ይቀራል። ጫጩት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገበያ እስካገኘ ድረስ በሚቀጥለው ወቅትም ያንኑ ጉድጓድ ፈልጎ ይመለሳል።

የየብስ ኤሊ ምን ያህል እንደምትኖር ለማወቅ በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው የቅድስት ሄሌና ደሴት የሚታወቀውን ጆናታን የተባለ ግዙፍ ኤሊ ማንሣት ይበቃል። ወደ ደሴቲቱ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1882 ሙሉ በሙሉ አድጎ ሳለ ሲሆን፣ የተፈለፈለው በ1832 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። በዚህ ስሌት ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ሲጭኑ እርሱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ነብርማዋ ኤሊ የዚህን ያህል ባትዘልቅም ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች፤ እስከ መቶም ልትደርስ ትችላለች። ለአምስት ዓመት ልጅ የተገዛች ጫጩት ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ ከቤት ሲወጣ ገና ወጣት ናት። ማን ይወርሳታል የሚለው ጥያቄ ከመግዛት በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

የአካባቢው አየርም ሌላው ፈተና ነው። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር በመራዊና በወተት ዓባይ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያበቅል፣ ክረምቱ ረጅምና ዝናቡ የበረታ ወይና ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ቢሆኑ ክረምታቸው ለገበሬው በረከት እንጂ ለየብስ ኤሊ ምቹ አይደለም። ኤሊ እንደ ሰው ወይም እንደ ከብት የራሷን የሰውነት ሙቀት አታመነጭም፤ የምትሞቀው ከፀሐይና ከመሬት ነው። ምግቧን ለመፍጨት እንኳ ቀን ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ለቀናት ስትጠፋ፣ መሬቱ ሲጨቀይና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መብላት ታቆማለች፤ የበላችውም ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። አፍንጫዋ አረፋ ሲያወጣ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ፣ አንገቷን ዘርግታ ስታፏጭ የሚያያት ሰው እንቅልፍ የያዛት ሊመስለው ይችላል። ምልክቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ ጫጩትን ማትረፍ ከባድ ነው።

ፈቃድ ያለው አሳዳጊ፣ ወይም ለሚመለከተው አካል እስኪያስረክብ ድረስ በእጁ የገባች ኤሊ ያለችው ሰው፣ በመጀመሪያ ሊያሰናዳላት የሚገባው ደረቅና ሞቃት ማደሪያ ነው። ጥልቀት ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ከሥሩ ደረቅ አፈርና ድርቆሽ፣ አንዱ ጥግ ላይ የምትደበቅበት የተገለበጠ ገል ቢኖረው ለሌሊት ይበቃል። በክረምት መብራት ባለበት ቤት በሣጥኑ አንድ ጫፍ ላይ አምፖል ማንጠልጠል ይረዳል። ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ብሎ መቅረት አለበት፤ ኤሊ ሙቀቷን የምታስተካክለው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው፣ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው እየሄደች ነውና። ከሰል ያለበትን ምድጃ አጠገቧ ማስቀመጥ ግን ጭሱ ሳንባዋን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ፀሐይ ለኤሊ ከሙቀትም በላይ ናት። ቅርፊቷና አጥንቷ የሚጠነክረው ከፀሐይ ጨረር በሚገኘው ቫይታሚን ዲ አማካይነት ነው። በመስኮት መስታወት ያለፈ ብርሃን ይህን አይሰጥም፤ ጨረሩን መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ መስኮት ሥር ተቀምጣ ያደገች ጫጩት ፀሐይ የሞቀች ቢመስልም ቅርፊቷ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጣት ሲያርፍበት ይረግባል። በጋ ላይ በየቀኑ ደጅ ማዋል ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥላ በሌለው የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ቀትር ላይ የተተወች ጫጩት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሙቀት ልትሞት ትችላለች። በጀርባዋ ተገልብጣ መነሣት ካቃታት ደግሞ ጊዜው ከዚያም ያጥራል። ውሻና ድመት በማይደርሱበት፣ ከላይ በሽቦ መረብ በተሸፈነ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ቦታ ማዋል ይሻላል። ቁራ ጫጩት ለመውሰድ ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

ምግቧ ሣር ነው። ሰርዶን የመሰለ ሣር፣ የዱር ቅጠላ ቅጠልና አበባው ከዕለት ምግቧ አብዛኛውን መያዝ አለበት። ጎመንና ቆስጣ አልፎ አልፎ ቢሰጧት ክፋት የለውም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ቆስጣ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ካልሲየም በሰውነቷ እንዳይዋሐድ ያደርጋል። ብዙ ቤት የሚፈጸመው ስሕተት ሰው የሚበላውን ማካፈል ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል ለሣር በል እንስሳ አይሆኑም። እንዲህ ያለ ምግብ የለመደች ጫጩት ፈጥና ታድጋለች፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከዓመታት በኋላ ቅርፊቷ ለስላሳ ጉልላት መሆኑ ቀርቶ ተራራ ተራራ እየሠራ ሲወጣ ግን መመለሻ የለውም። ይህን ጉድለት ከመጠን ያለፈ ገንቢ ምግብ ብቻ ሳይሆን በጫጩትነት ጊዜ የእርጥበት ማጣትም ያመጣዋል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አገጯ ድረስ በማይደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆም፣ ከዚያም አድርቆ ወደ ሙቅ ቦታ መመለስ ይጠቅማታል። ለካልሲየም የታጠበና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ምግቧ ላይ መነስነስ ይቻላል። በዱር ያለችው ኤሊ ይህን የምታገኘው የደረቀ አጥንት እየቆረጠመች፣ የጅብ ኩስም እየበላች ነው።

የሣሩ ምንጭም መታወቅ አለበት። በበቆሎ ማሳ ድንበር ላይ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የተረጨበትን ሣር አጭዶ ለኤሊ መስጠት መርዝ መስጠት ነው። በአማርኛ በለስና ቁልቋል አንዳንድ ቦታ ስለሚምታቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እሾሁ የተወገደ የበለስ ቅጠል ለኤሊ ጥሩ ምግብ ሲሆን፣ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ግን ዓይንና አፍ የሚያቃጥል ነው።

የኤሊን ቅርፊት እንደ ልብስ ወይም እንደ ቤት የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ቅርፊቱ ግን የአከርካሪዋና የጎድን አጥንቶቿ ተያይዘው የሠሩት የሰውነቷ ክፍል ነው፤ ነርቭም ደምም አለው። እንዳትጠፋ ብሎ ጠርዙን በስቶ በሲባጎ ማሰር ጥፍርን ከነሥጋው እንደ መብሳት ያለ ሕመም ያደርስባታል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ቀለም መቀባትም አይገባም።

ለገበሬ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው መዥገር ነው። ከዱር የተያዘች ኤሊ በአንገቷና በእግሮቿ እጥፋት፣ በጭራዋም ሥር መዥገር ይዛ ትመጣለች። ከእነዚህ መዥገሮች አንዳንዶቹ በልብ ዙሪያ ውሃ እንዲቋጠር እያደረገ ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድለውን በሽታ ከሚያስተላልፉት ወገን ናቸው። ነገሩ ተራ ሥጋት አይደለም። ከአፍሪካ ወደ ፍሎሪዳ በገቡ ነብርማ ኤሊዎች ላይ እንዲህ ያሉ መዥገሮች በመገኘታቸው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ነብርማዋን ኤሊና ሱልካታን ጨምሮ የአፍሪካ የየብስ ኤሊዎችን ወደ ሀገሯ እንዳይገቡ ከልክላለች። የተዳቀለች የወተት ላም ያለው ሰው ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ኤሊ በረት አጠገብ ሲያኖር ይህን ሊያስብበት ይገባል።

መዥገሩን ለማስወገድ የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለበት። ለከብትና ለበግ በስፋት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ኤሊን ይገድላል። መጠኑን በመቀነስ የሚድን ነገር አይደለም፤ ለኤሊ ጨርሶ አይሰጥም። ከብት የሚረጭበትን የመዥገር መድኃኒት መርጨትም እንዲሁ ነው። በወረንጦ አንድ በአንድ ከሥሩ ነቅሎ ማቃጠል ጊዜ ቢወስድም ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። እንስሳዋን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚወስድ ሰውም ኤሊ መሆኗን፣ አይቨርሜክቲንም እንደማይስማማት ቀድሞ ቢናገር ጥሩ ነው፤ በየወረዳው ያሉ ባለሙያዎች የዕለት ሥራቸው ከብት፣ በጋማ ከብትና ዶሮ ስለሆነ ኤሊ ሁልጊዜ አትገጥማቸውም።

ሁለተኛው ሥጋት ልጆችን ይመለከታል። ኤሊዎች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይዘው ይኖራሉ። በኩሳቸው ይወጣል፤ ቅርፊታቸውንና የሚውሉበትን መሬት ይበክላል። ሕፃን ልጅ ኤሊዋን ይዞ ይስማታል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የታመሙ ልጆች ከመብዛታቸው የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከአራት ኢንች፣ ማለትም ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ታግዷል። የተከለከሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ልጅ አፉ ውስጥ ሊከታቸው የሚችለው እነርሱን ነውና። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና አቅመ ደካማ አረጋውያን ባሉበት ቤት ኤሊ ባትገባ ይመረጣል። ያለችበት ቤት ደግሞ ኤሊዋን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና መታጠብ፣ የእርሷን ውሃ መጠጫም ከምግብ ዕቃ ጋር አለማጠብ ግድ ይለዋል።

ገዝቶ መጸጸት በሌላውም ዓለም የታየ ነው። በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት አምስት ሴንቲ ሜትር ሆነው የተገዙ ሱልካታዎች ካደጉ በኋላ አጥር ሥር እየቆፈሩ፣ ግድግዳ እየገፉ ባለቤቶቻቸውን ሲያስቸግሩ ለእንስሳት መጠለያዎች ይሰጣሉ፤ መጠለያዎቹም በእነርሱ ተጨናንቀዋል። አንዷ ያደገች ሱልካታ ሃምሳ ኪሎ ግራም ልትመዝን ትችላለች። በማዳጋስካር ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ቱሊያራ ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ በሀገሪቱ ብቻ የሚገኙ ኤሊዎች ታጉረው ተገኝተዋል። ለውጭ ገበያ የተሰበሰቡ እንደነበሩ ይታመናል። ያን ያህል ኤሊ በአንድ ጣራ ሥር የሚያከማች ሰው የሚኖረው አንድ አንድ የሚገዙ ብዙ ሰዎች በመኖራቸው ነው።

በማሳው ወይም በግጦሽ መሬቱ ኤሊ ያገኘ ገበሬ ሊያደርግላት የሚችለው ትልቁ በጎ ነገር መተው ነው። ኤሊ በበጋ የምትኖረው ፊኛዋ ውስጥ ባጠራቀመችው ውሃ ነው። ሰው ድንገት አንሥቶ ሲይዛት በድንጋጤ ትሸናለች፤ ያ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ዝናብ እስኪመጣ ላትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ለጨዋታ እንኳ ማንሣት ይጎዳታል። መንገድ ስታቋርጥ ከተገኘችና መኪና የሚያሠጋ ከሆነ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ይዞ፣ ከመሬት ብዙ ሳያርቁ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ ማሻገር ይበቃል። ወደ መጣችበት ከተመለሰች ዞራ ያንኑ መንገድ ትሞክራለች። ማሳ ለማጽዳት እሳት ከመልቀቅ በፊት ቁጥቋጦውን በዱላ ማሰስም ሊለመድ ይገባል፤ ኤሊ ከእሳት ሮጣ አታመልጥም፤ እንደ ልማዷ ቅርፊቷ ውስጥ ገብታ እዚያው ትቃጠላለች።

ያለ ፈቃድ የገዛ ወይም በስጦታ የተቀበለ ሰው ስሕተቱን ሲያውቅ በመጀመሪያ የሚያስበው ወስዶ ጫካ ውስጥ መልቀቅን ነው። ይህም ጉዳት አለው። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ኤሊ በማታውቀው መሬት፣ ምናልባትም በማይስማማት ብርድ ውስጥ ትጣላለች፤ ከቤት ያገኘችውን በሽታም ለዱሮቹ ታካፍላለች። ትክክለኛው መንገድ ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አሳውቆ ማስረከብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኘውና በቦርን ፍሪ ድርጅት የሚተዳደረው የእንስሳ ኮቴ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችን፣ አቦ ሸማኔዎችንና ዝንጀሮዎችን ከመንከባከቡ ጎን ለጎን ኤሊዎችንም ተቀብሎ አኑሯል።

ኤሊዋ እስክትረከብ ድረስ ባለው ጊዜ ደረቅ ሣጥን፣ ንጹሕ ሣር፣ ዝቅ ባለ ሳህን የቀረበ ውሃና የጠዋት ፀሐይ ይበቋታል። የተገኘችበት ቀንና ቦታ፣ የሰጣት ሰው የተናገረው ነገርም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ቢሰጥ ባለሙያዎች ወደየትኛው አካባቢ ልትመለስ እንደምትችል ለመወሰን ይረዳቸዋል።